ረብሻ የሚለው ዓምድ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ስለ እኔ የሚወራውን ሰማሁ። «አሰለፈች የቤት ሠራተኛዋን ትደበድባለች፤ ከግቢዋ የሴት ጩኸት ይሰማል» ይላሉ። ወሬው ሦስት ስህተት አለበት። አንደኛ፣ ሠራተኛ ከያዝኩ አራት ዓመት አልፎኛል፤ ቤቴን የምጠርገው ራሴ ነኝ። ሁለተኛ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ ሰው የምደበድብበት ክንድ የለኝም። ሦስተኛ፣ ጩኸቱ የሚመጣው ከኮምፒውተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢንተርኔት የሚጫወቱት፣ ብዙ ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ የሚገባበት ጨዋታ አለ። እዚያ የገባ ሁሉ አንድ ሙያ ይመርጣል። ወጣቶቹ ተዋጊ ይሆናሉ። እኔ ብረት ቀጥቃጭ ነኝ። ከምስማር ተነስቼ በደረጃ እወጣለሁ፤ የመጨረሻው ሦስት መቶኛው ነው፤ ዛሬ 112 ላይ ነኝ። የምሠራባት ከተማ ግን በየዕለቱ አመሻሽ ላይ በአውሬ ትወረራለች። በር ይሰበራል፣ ሰው ይጎተታል፣ ደም በድንጋዩ ላይ ይሮጣል። እኔ አልዋጋም። መዶሻዬንም አላቆምም።

ግራ ጆሮዬ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ አይሰማም፤ ከደረጃ ወድቄ ነው። ስለዚህ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። ወሬው ከዚህ አይበልጥም።

ጥቅምት 6

የቀጥቃጭነት መዝገቤ ከዚህ ደብተር የተለየ ነው፤ ቀይ ልባስ ያለው፣ ገጹ በአምስት ዓምድ የተሰመረ። ቀን፣ ሰዓት፣ የተሠራው ዕቃ፣ ውጤት፣ ረብሻ። አምስተኛው ዓምድ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ላቦራቶሪ ያመጣሁት ልማድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሸንኮራ ጭማቂ ስመዝን፣ በመስኮቱ ሥር ትራክተር ካለፈ «ትራክተር አለፈ» ብዬ እጽፍ ነበር። ሚዛኑ የተነቃነቀው በምን እንደሆነ የሚታወቀው በኋላ ነውና።

አዳሪ ትምህርት ቤት ያስተማሩን መነኩሲት፣ ሲስተር ቤኔዲክታ፣ «ያልተጻፈ አልተደረገም» ይሉ ነበር። ሁለተኛው ደንባቸው፦ ስህተት አይፋቅም፤ እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ ጎኑ ይፈረማል። የፋቀች ልጅ ጣቷን በማስመሪያ ጠርዝ ትመታለች። እኔ አንድ ጊዜ ፍቄያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።

በጨዋታው ብረቱ ሲቀላ ሰባት ምት በልኩ ይመታል። ልኩ የሚያዘው በድምፅ ነው። አንዱን የሳተ ብረቱ ይሰነጠቅበታል። ለዚህ ነው ረብሻ የምመዘግበው።

ለምን ቀጥቃጭ ሆንሽ ለሚለኝም መልስ አለኝ። አባቴ ፈዬራም በዚያው ፋብሪካ ወርክሾፕ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር። ትምህርት ቤት «የቀጥቃጭ ልጅ፣ የቡዳ ልጅ» ሲሉኝ «አባቴ መካኒክ ነው» እል ነበር። ዋሸሁ። መዶሻው አሁን ከአልጋዬ ሥር ነው። በጨዋታው ውስጥ ስሜ ፈዬራ ነው።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

የግቢዬን ሰርቪስ ቤት የተከራዩት ሰይፈሚካኤልና ሚስቱ ዘርፉ ናቸው። ገና ዓመት አልሞላቸውም። ኮምፒውተሬ ያለበት ክፍልና የእነሱ መኝታ በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። እሱ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ጨዋታውን የጫነልኝም ያለማመደኝም እሱ ነው። ጫማውን ደጃፍ ላይ ሳያወልቅ አይገባም። «እትዬ፣ ዛሬ ስንተኛ ደረሱ?» ሳይለኝም አያልፍም። እንዲህ ያለ ተከራይ አዳማ ውስጥ በፋኖስ ተፈልጎ አይገኝም።

እሷ የወንጂ የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ናት። ዝምተኛ ናት፤ ጠንቃቃ ግን አይደለችም። ባለፈው ሳምንት ካውያ አቃጥሏት ነበር፤ ከክርኗ በላይ። ዛሬ ደግሞ አውራ ጣቷ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆንሽ?»

«በር ዘጋብኝ እማማ።»

«ልጄ፣ ሥራ ስትሠሪ ልብሽንም አብረሽ አምጪው።»

«እሺ እማማ» አለች።

ጥቅምት 15

በችኮላ። መብራት ይሄዳል እየተባለ ነው። 131 ደረስኩ። ሦስት ማጭድ ተሰነጠቀ። ረብሻ፦ ግድግዳው፣ ከቀኑ 11፡40። ሁለት ምት ሳትኩ። ቁም ሳጥን እያንቀሳቀሱ ይሆናል።

በሳምንት ሦስት ጊዜ ቁም ሳጥን የሚያንቀሳቅስ ሰው ምን ይባላል።

ጥቅምት 18

ሳሙና ልገዛ ጤናዬ ሱቅ ሄድኩ። ሱቋ ከአጥሬ ቀጥሎ ነው፤ የሰፈሩ ወሬ ከስኳሩ ጋር በእሷ ሚዛን ይወጣል።

«አሰሉ፣ እስቲ እውነቱን አውጪ» አለችኝ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ‹በእናትህ፣ በቃኝ› ያለችው ማን ናት?»

«በጨዋታው ውስጥ ሰዎች ይለምናሉ።»

«በአማርኛ?»

ጨዋታው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን አላሰብኩትም ነበር። «አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች አማርኛ ይናገራሉ» አልኳት።

«የሴት ድምፅ ነው እኮ።»

«ሴትም ይጫወታል። እኔ ምንድን ነኝ?»

«አንቺማ እዚያ ወንድ ነሽ አሉ፤ ስምሽም የአባትሽ። ጡረታ ወጥቶ ጾታ የሚቀይር ሰው ያየሁት ባንቺ ነው» ብላ ሳቀች። የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ።

የእድሩ ስብሰባ እሁድ ነው። እዚያ ተነስቼ ወሬውን አርማለሁ። ወሬ በጓሮ አይታረምም።

ጥቅምት 23፣ እሁድ

አረምኩት።

የእድራችን ዳኛ አቶ ሙሉብርሃን «የሚነሳ ሌላ ጉዳይ አለ?» ሲሉ ብድግ አልኩ። «ከግቢዬ ይሰማል የሚባለው ድብደባና ጩኸት የኮምፒውተር ጨዋታ ድምፅ ነው። በግቢዬ የሚደበድብም የሚደበደብም የለም። ይህ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ» አልኩ። ከኋላ አንዱ «እማማ፣ ታዲያ ስንት አውሬ ገደሉ?» አለ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። «አንድም። እኔ ሠራተኛ ነኝ» አልኩት።

ጸሐፊው ጻፈው። አነበብኩት። «ድብደባ» የሚለውን ቃል ዘሎት ነበርና አስጨመርኩት። ፈረምኩ።

ሰይፈሚካኤል በር ላይ ቆሞ ሲያጨበጭብ አየሁት። ዘርፉ ከሴቶቹ ጋር ሰሃን ታጥብ ነበር። ቀና አላለችም።

ጥቅምት 26

ሰይፈሚካኤል ሁለት ትላልቅ ድምፅ ማጉያ አመጣልኝ፤ ሠርግ ቤት የሚቆሙት ዓይነት። «እትዬ፣ ጆሮዎ እንዳይቸገር» አለ። ግድግዳው ሥር አቆማቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወደኔ ይዙሩ ስለው «ድምፅ ነጥሮ ሲመጣ ነው የሚያምረው» አለ። ባለሙያው እሱ ነው፤ ተውኩት።

ከ1968 ጀምሮ ቤቴ ሬዲዮ አላስገባሁም። ይህ ግን ሬዲዮ አይደለም።

174። የአውሬዎቹ እግር ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል።

ኅዳር 3

ዛሬ ተቆጣሁ። ከሰዓት በኋላ ዘርፉ ገመድ ላይ ልብስ አስጥታ ስታበቃ መጣች። በሬ ላይ ቆማ እጇን በቀሚሷ ስታብስ ቆየች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና … ድምፁን ትንሽ ቢቀንሱት።»

«ይረብሽሻል?»

«አይ፣ እኔንስ አይረብሸኝም።»

«ታዲያ ማንን?»

«ማንንም። በር ቢንኳኳ እንኳ አይሰማም ብዬ ነው።»

«የሚያንኳኳብኝ ሰው የለም» አልኳት። ባልሽ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣልኝን ልትነቅፊ መጣሽ ወይ፣ ብዬም ጨመርኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። ወዲያው ሁለት ክንዷን አጣምራ ጭንቅላቷን ሸፈነች። እኔ እጄን አላነሳሁም። የያዝኩት እርሳስ ነበር። እርሳስ።

እንዲህ ያለ ድንጉጥ ሰው አልወድም። የማልወድበትን ምክንያት አልጽፍም።

ኅዳር 9

በጨዋታው ውስጥ ማዕድን የሚያቀብለኝ ለሚ የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው፤ የቢሾፍቱ ልጅ። ቤንዚን ሰልፍ ይዞ በስልኩ ይጫወታል፤ ማይክ ስላለን እናወራለን። «አኮ» ይለኛል፣ በኦሮምኛ አያቴ ማለቱ ነው።

«አካም ጂርቱ አኮ? ዛሬም ሊቀጠቅጡን ነው?»

«ብረቱ ደርሷል?»

«ደርሷል። መቶ ሃምሳ ጉማጅ። ሰልፉ ካልተንቀሳቀሰ ሁለት መቶ አደርሰዋለሁ።»

«ባለፈው ከላክልኝ አራቱ ቆሻሻ አለባቸው።»

«እሱንም ቆጠሩት? አኮ፣ እርስዎ ትራፊክ ፖሊስ ቢሆኑ እኛ በእግራችን ነበር የምንሄደው።»

ይህ ልጅ ያስቀኛል። 228 ላይ ነኝ። ረብሻ፦ ግድግዳው፣ 11፡52። ስድስት ጊዜ። ሰባተኛው የኔ መዶሻ መሰለኝ።

ኅዳር 12

የሚካኤል ዕለት። ሰይፈሚካኤል ዝክር አለው፤ ዳቦ ላከልኝ። ያመጣችው ዘርፉ ናት። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባለች። አንድ ዓይኗ አይታይም።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ወድቄ ነው እማማ።»

«ከየት?»

«ከደረጃ።»

ዳቦው ጥሩ ነበር። 246።

(በኋላ የጨመርኩት፦ ግቢዬ ውስጥ ደረጃ የለም። መጠየቅ ነበረብኝ። ዳቦ እየቆረስኩ ነበር።)

ኅዳር 17

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

11፡30 ላይ ለሚና እኔ በጨዋታው ብረት ማቅለጫ ቤት ጎን ለጎን ቆመናል። እሱ ያቀብላል፣ እኔ እቀጠቅጣለሁ። ወረራው ተጀመረ፤ ጩኸት፣ ድብደባ፣ እንደ ሁልጊዜው። በጆሮ ማዳመጫዬ የለሚን ድምፅ እሰማለሁ።

«አኮ፣ ማነው እዚያ?» አለ።

«አውሬዎቹ ናቸው።»

«አይደለም። እኔም እዚሁ ቆሜያለሁ እኮ፤ አውሬዎቹን እሰማቸዋለሁ። ሴትዮዋን ነው የምልዎት።»

«የከተማዋ ሰው ትሆናለች።»

«በኔ ስልክ የለችም። ባንድ ቤት ውስጥ ነን አይደል? እኔ ጋ ሴት አልጮኸችም። እርስዎ ማይክ ላይ ነው የመጣችው። ከቤትዎ ናት አኮ።»

መዶሻዬን አቆምኩ። ከ112 ተነስቼ 297 እስክደርስ በወረራ መሐል ያቆምኩት ዛሬ ነው። ብረቱ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ተሰነጠቀ። ለሚ «እዚያው ነዎት?» አለኝ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ባዶ ናሙና የምንለው ነበር። ጭማቂ የሌለበት ንጹሕ ውሃ በመሣሪያው ይታለፋል። ንጹሑ ውሃ ስኳር ካሳየ ስኳሩ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። ነገ ባዶ ናሙና እሠራለሁ። ስክሪኑ እንደበራ ድምፅ ማጉያዎቹን አጠፋና እቀመጣለሁ። አንድ ውጤት ውጤት አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ይደገማል።

ኅዳር 18

የመጀመሪያ ባዶ ናሙና። ከ11፡00 እስከ 12፡30። ዝም።

ደስ አለኝ። ዘፈን ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት። ከዚያ ገባኝ፦ ድምፅ ማጉያው ዝም ሲል እሱም ዝም አለ።

ኅዳር 19

ሁለተኛ። ድምፅ ማጉያዎቹን ወደ መሐል ክፍሉ ጎትቼ ወደ ጓሮው አዞርኳቸው፤ ከፍ ብለው ይጩሁ። እኔ ግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀኝ ጆሮዬን ለጠፍኩት።

11፡20 የሱ ድምፅ። ዝቅ ያለ ነው፤ «ስንተኛ ደረሱ» የሚለኝ ያው ድምፅ። ቃሉን አልያዝኩም። 11፡24 የመጀመሪያው ምት። ሥጋ ላይ ሲያርፍና ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይለያል። እስከ 11፡41 ሠላሳ አራት ቆጠርኩ። አንድ ቦታ ላይ እሷ ትቆጥር ነበር፤ እያስቆጠራት ይመስለኛል። ስትሳሳት ከአንድ ይጀምራል።

እርሳሴ ተሰበረ።

ሦስተኛው ነገ ነው።

ኅዳር 20፣ ማታ

ሦስተኛውን ልጠብቅ ስል ነው ይህ የሆነው። ይህን ቀድሜ እጽፋለሁ፤ በኋላ አሳምሬ እንዳልጽፈው።

11፡50 ላይ ጀመረ። 12፡02 ላይ የእሷ ድምፅ ቆመ፤ የእሱ ምት ግን አልቆመም። ያን ጊዜ ከአልጋዬ ሥር የአባቴን መዶሻ አወጣሁ። ግቢውን እንዴት እንዳቋረጥኩ አላስታውስም። የቆርቆሮው በር ከውስጥ ተቆልፏል። አባቴ «ቁልፍ አይመታም፤ ማጠፊያው ይመታል» ይል ነበር። መታሁ። ሰባት ጊዜ በልኩ። በሰባተኛው ማጠፊያው ተነቀለ።

መሬት ላይ ነበረች። ጸጉሯን በግራ እጁ ሁለት ዙር ጠምጥሞታል። ከግራ ጆሮዋ የወጣ ደም በአንገቷ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል። ቀኝ እጁ እንደተነሳ ነበር። አልደነገጠም። ጫማውን በሥርዓት ከአልጋው ሥር ደርድሮ፣ በካልሲ ነው የቆመው።

«እትዬ፣ ጨዋታዎ ቆመ እንዴ?» አለኝ።

የተነሳውን ክንድ መታሁት። አንድ ጊዜ። እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ጸጉሯን ለቀቀ። ሁለተኛ ልመታው መዶሻዬን አንስቼ ነበር፤ ጭንቅላቱን። ይህም ይጻፍ። ያቆመኝ ምሕረት አይደለም። ዘርፉ ቁርጭምጭሚቴን ያዘች።

ቀዩ መዝገብ ላይ መዘገብኩ፦ ኅዳር 20። 12፡06። ምት፦ አንድ። ውጤት፦ ክንድ። ረብሻ፦ የለም።

ኅዳር 22

ሆስፒታል ተኝታለች። ሁለት የጎን አጥንት ተሰብሯል፤ የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል። ሐኪሟ «ምን ሆና ነው?» ስትል ዘርፉ «ወድቄ» አለች። ሐኪሟ እኔን አየችኝ።

ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲመታ የሚያገኘው ግራ ጆሮን ነው። ይህ ስሌት ነው።

እሱ ክንዱን አሳስሮ ጤናዬ ሱቅ ተቀምጧል። «ጨዋታ ጭንቅላቷን ነካው። አውሬ መስዬያት ነው፤ አልፈርድባትም» እያለ ያወራል አሉ። ሰው ያምነዋል። ለምን አያምነውም፣ የፈረምኩለት እኔ ነኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ተረኛዋ ፖሊስ ጨዋ ልጅ ናት፤ ጻፈች። «ተጎጂዋ ግን ራሷ ቃሏን ትስጥ» አለችኝ።

ኅዳር 24

አቶ ሙሉብርሃን መጡ። መቀመጫ ስሰጣቸው ዓይናቸው ሙቀጫ ላይ አረፈ፤ መዶሻ ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«ወይዘሮ አሰለፈች፣ እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቤቴ ሽምግልና አለ። እናቷም ከወንጂ ትመጣለች። ይቅር ይባባላሉ፤ ልጅቷም ወደ ትዳሯ ትመለሳለች።»

«እና እኔ?»

«እርስዎ ደግሞ ስለ ክንዱ ይቅርታ ይጠይቁታል።»

«እየደበደባት ነበር።»

«እሷ ወደቅኩ ትላለች። ሰፈርተኛው የሰማው የርስዎን ጨዋታ ነው። እኔ አይደለሁም የምለው፤ ቃለ ጉባኤው ነው። ‹በግቢዬ የሚደበድብም የሚደበደብም የለም።› የፈረሙት እርስዎ ነዎት።» ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ዕድሜዎን ላክብር ብዬ ነው እንጂ፣ ያ ኮምፒውተር ቢወጣ ጥሩ ነበር» አሉኝ።

ሻይ ሳይቀምሱ ሄዱ።

ኅዳር 26

ዘርፉ ትናንት ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ጋ ናት። በግራዋ ስናገራት አትሰማኝም፤ እሷም በግራዬ ስትናገር እኔ አልሰማትም። ሁለት ሰዎች ስንዞር ስንዞር ዋልን። አንድ ጊዜ ሳቀች፤ ጎኗን ይዛ አቆመችው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነገረችኝ። «ሽማግሌዎቹ የሚያምኑት እርስዎን ነው እማማ። እርስዎ እሁድ አልሰማሁም ካሉ፣ እኔም ወድቄያለሁ። ለብቻዬ ተናግሬ ወደሱ ብመለስ ይገድለኛል። ሰማሁ ካሉ ግን እኔም እናገራለሁ። ፖሊስም ጋ እሄዳለሁ።»

«ድምፁን ቀንሱ ያልሽኝ ቀን …» አልኳት።

«ሰው ይሰማ ይሆናል ብዬ ነበር» አለች።

ለሚ መልእክት ላከ፦ «አኮ፣ 297 ላይ ቆመው ጠፉ። ሦስት ደረጃ ቀርቶዎት? ብረቱን አስቀምጬልዎታለሁ። ሴትዮዋስ?» «አለች» ብዬ መለስኩለት።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ ማታ

ዘርፉ መኝታዬ ላይ ተኝታለች። በሩን ሁለት ጊዜ አየሁት።

ቀዩን መዝገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ደረጃዬን ለማየት አይደለም። አምስተኛውን ዓምድ ብቻ። ከጥቅምት 4 እስከ ኅዳር 20 «ግድግዳው» የሚለው ቃል አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ምቱ አለ። በገዛ እጄ፣ በጥሩ ጽሑፍ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የሳትኩትን ምት ቆጠርኩ፤ በሌላው ጎን ያረፈውን ግን አልጠየቅሁም። ያልተጻፈ አልተደረገም ይሉ ነበር ሲስተር ቤኔዲክታ። የተጻፈ ሳይነበብ ሲቀርስ ምን ይባላል? እሱን አላስተማሩንም።

ሌላም የሚታረም አለ። ወንጂ የነበርንበት የፋብሪካ ቤት ፎቅ የሌለው ነበር። ደረጃ አልነበረውም። መሬቱም ቢሆን ሜዳ ነው፤ እዚያ አገር ሰው የሚወድቅበት ከፍታ የለም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ነበር። አካፋ የሚያህል መዳፍ ነበረው። ጎረቤታችን ምቱ ሲጀመር ሬዲዮኗን ከፍ ታደርገው ነበር። ዘፈን ይሆን፣ ዜና ይሆን፣ ሳይቆም እንደ ጎርፍ በግድግዳው ይገባል። ክፉ ሴት አልነበረችም። በማግስቱ ጠዋት ወተት ትሰጠኝ ነበር። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷን ጠላሁ፤ ከእሱ ይልቅ እሷን። ከዚያም እኔ ሁለት የሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ተቀብዬ አመሰገንኩ።

የዚህን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ገለጥኩ። «ሦስተኛ፣ ጩኸቱ የሚመጣው ከኮምፒውተር ነው» በሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። እንዲነበብ ሆኖ። «ከደረጃ ወድቄ ነው» በሚለውም ላይ አንድ መስመር። ጎናቸው ፈረምኩ። ፊርማው የኔ ነው።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

ከሁሉ አስቀድሜ ዘርፉን አስነስቼ የምትበላ ከሆነ ቁርስ አበላታለሁ፤ ካልበላችም አልቆጣም።

መዶሻውን አልጋው ሥር ትቼ ቀዩን መዝገብ እይዛለሁ።

አቶ ሙሉብርሃን ቤት ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ እደርሳለሁ፤ እሱ ቀድሞ ገብቶ ጫማውን እንዳያወልቅላቸው።

የጥቅምት 23ቱ ቃለ ጉባኤ ይውጣ እላለሁ። ቆሜ «ያልኩት ስህተት ነው» እላለሁ። አይቀደድም፤ አንድ መስመር ይሰመርበት፣ ጎኑ እፈርማለሁ። አሥራ ዘጠኙን ቀን ከነሰዓቱ አነባለሁ። ሃያኛው የኔ ምት ነው፤ እሱንም አነባለሁ። ከዚያ ስለ ደረጃው እናገራለሁ።

ከዚያ በፊት ግን፣ ገና እንደገባን፣ ዘርፉን በቀኜ አስቀምጣታለሁ፤ ስትናገር እንድሰማት።